ክንፍ ያሉት ጋሽ ሙላት

የጋሽ ሙላትን ሞት የነገረችኝ ልጃቸው ሊያ ናት። በእንግሊዝኛ ጀመረችና መሐል ላይ ድምጿ ሲሰበር ወደ አማርኛ ተሻገረች። «ትርሲት፣ አባዬ... ሂ ዲድንት ዌክ አፕ። ተኝቶ... ተኝቶ ቀረ» አለችኝ። ሊያ አማርኛ የምትናገረው በጣም ሲጨንቃት ወይም በጣም ደስ ሲላት ነው፤ በመሐል ያለውን ኑሮ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የምትጨርሰው። እኔ ከኦክላንድ ማዶ፣ አላሜዳ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የአቧራ ጭምብል እንዳጠለቅሁ፣ ብርጭቆ ወረቀት እንደያዝኩ። ስልኩን ዘግቼ የምጠግነውን የማዕበል መንሸራተቻ፣ ሰርፍ ቦርዱን፣ ማለስለሴን ቀጠልኩ። ምን ላድርግ? እጄ ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ነው እንባዬ በጭምብሉ ሥር መውረድ የጀመረው፤ ጭምብል ውስጥ ማልቀስ ደግሞ እንዴት እንደሚያፍን የሞከረው ያውቀዋል።

ጋሽ ሙላት ማን ናቸው ብትሉኝ፣ ዋና የማይችሉ፣ ባሕር የሚፈሩ፣ ግን ስለ ሰርፍ ቦርድ ክንፍ አውርተው የማይጠግቡ ሽማግሌ ነበሩ እላለሁ። በጃንሆይ ዘመን ለትምህርት መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። ሳንሆዜ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ስለ ውሃና ስለ ግፊት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ካረፉ ቆይቷል፤ ያለቻቸው ሊያ ብቻ ነበረች።

የምሠራበት ቦታ ድሮ የባሕር ኃይል የነበረ ትልቅ አዳራሽ ጥግ ላይ ነው። የተሰበሩ ሰርፍ ቦርዶች እንጠግናለን። ጣሪያው ሩቅ ነው፤ ከላይ ባሉት መስኮቶች ብርሃን ሲገባ የምንፍቀው ነጭ አቧራ ሳይወድቅ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ አንዳንድ ቀን ደመና ውስጥ ተቀጥሬ የምሠራ ይመስለኛል። እኔ ወደዚያ የገባሁት ከጥፍር ቤት ነው። ኦክላንድ ውስጥ የሰው ጥፍር ስሞርድ ኖሬ፣ የአዳራሹ ባለቤት ሬይ እጄን አይቶ፣ ጥፍር የሞረደ ቦርድ አያቅተውም አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሽታው እንኳን አንድ ነው።

ጋሽ ሙላት የመጡት ጉም ባልተነሳበት የሰመር ጠዋት ነበር። ከረባት አስረዋል፣ ባርኔጣ ደፍተዋል፣ ያረጀች መኪናቸው ጣሪያ ላይ አንድ ቦርድ በገመድ ጠፍረዋል። ሰው ቤት ሲለቅ ፍራሹን እንደሚጭነው። ሬይ ቦርዱን ተቀብሎ ገለበጠና፣ «ሶ፣ ዋት ካይንድ ኦፍ ፊንስ?» አላቸው። ጋሽ ሙላት ፊታቸውን ቅጭም አደረጉ፤ እኔ ሳቄን ለመዋጥ ታገልኩ። ቦርድ ከሆዱ በኩል፣ ጭራው አጠገብ፣ የዓሣ ክንፍ የመሰሉ ቀጥ ብለው የቆሙ ነገሮች አሉት፤ ፈረንጅ «ፊን» ይላቸዋል። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይህች ቃል ብትቀጥል ወዴት እንደምታደርስ አይጠፋውም።

«ሐበሻ ነሽ?» አሉኝ ወዲያው ወደ እኔ ዞረው።

«በምን አወቁ?»

«በዚህ ቃል የሚስቅ ሌላ ሕዝብ የለማ! ስሚ ልጄ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ያንን ከአፌ አላወጣም። ክንፍ ነው የምንለው። ልጄንም ያስተማርኳት ክንፍ ብዬ ነው።»

ከዚያ ቆመው እንደ ነበሩ የመጡበትን ነገሩን። ሊያ ከልጅነቷ ጀምራ ሰርፍ ታደርጋለች። እሳቸው ነገሩን አንድም ቀን ወደውት አያውቁም፤ ግን ልጄን ከለከልኩ ላለማለት ቅዳሜ ቅዳሜ ፓሲፊካ የሚባል ባሕር ዳር ይወስዷት ነበር፤ እሷ ባሕር ውስጥ፣ እሳቸው አሸዋ ላይ በከረባት። ካደገችና ሥራ ከያዘች በኋላ፣ አንድ ቀን ማዕበል ላይ ለመዞር የኋላ እግሯን ጠበቅ አድርጋ ስትጫን፣ ቦርዱ ውሃውን ነክሶ ቀረና ጉልበቷ ብቻውን ዞረ። ኦፕራሲዮን ሆነች። ሐኪሙ «አሁን ትችያለሽ» ካላት ቆይቷል፤ እሷ ግን ባሕሩን ዞር ብላ አላየችውም። ቦርዱን አባቷ ጋራዥ ውስጥ አስቀምጣ፣ «ጊቭ ኢት አዌይ፣ አባዬ» አለቻቸው።

«ቦርዱን ብቻ ቢሆን በሰጠሁላት» አሉን። «ትስቅ ነበር እኮ! ከውሃ ስትወጣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ነበር የምትስቀው። አሁን ከኮምፒውተር ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ ኮምፒውተር ነው። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ እሄዳለሁ። እንዲህ ሆና ትቻት መሄድ አልፈልግም።»

የሚፈልጉት እንግዲህ ያ የተጎዳ ጉልበት ብዙ ሳይገፋ የሚሄድ፣ ሲዞር ደግሞ የማይከዳ ቦርድ ነበር። ሬይ ጺሙን ሲያሻሽ ቆየና ከባድ ነው አላቸው። «አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ሙላት፣ ባርኔጣቸውን ከአንዱ መደርደሪያ ላይ እየሰቀሉ። ያን ሰመር ባርኔጣው ከዚያ መደርደሪያ አልጠፋም።

ሲመጡ ሻይ በፔርሙዝ ይይዛሉ፤ ለሬይም ለእኔም ይቀዱልናል፤ አቧራ ሲገባበት በጣታቸው አውጥተው ይጠጡታል። ማስተማር ደማቸው ውስጥ ስለ ነበር እጄ ሥራ ይዞ ጆሮዬ ትርፍ መሆኑን ሲያዩ ይጀምራሉ።

«አንድ ክንፍ ብቻ ያለው ቦርድ፣ መሐል ላይ አንድ ትልቅ፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አይወላውልም። ሲዞር ግን አውቶቡስ ነው፤ ሰፊ መንገድ ይፈልጋል። ሁለት ሲሆን፣ ግራና ቀኝ፣ መሐሉ ባዶ፤ አቤት ፍጥነት! ሳትገፊው ይፈተለካል። ግን ጭራው ሳሙና እንደ ረገጠ ሰው ነው፣ ያመልጥሻል። ሦስት እኩል እኩል ሲሆኑ፣ የሊያ እንደዚያ ነበር፣ ስትዞሪ ያዝ ያደርጉሻል፣ ታምኛቸዋለሽ። ፍጥነቱን ግን ከእግርሽ ነው የሚበሉት። ሁልጊዜ ግፊኝ፣ ግፊኝ ነው።»

«አራትስ?»

እዚህ ላይ ሬይ አማርኛ ሳያውቅ ጣት ቁጠራዬን አይቶ ይገባበታል፤ እሱ ባለ አራት ክንፍ ወዳጅ ነው። ትልቅና ፈጣን ማዕበል ላይ እንደ አራት የሚያስፈነጥር የለም ብሎ ይከራከራል፤ ጋሽ ሙላት ደግሞ አራት ሲሆን ቶሎ እጥፍ አይልም ብለው ይመልሳሉ፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ሬይ ዋናው ነገር «ኮንትሮል» ነው ሲላቸው በአማርኛ ተቆጡ። «ቁጥጥር የመንግሥት ቃል ነው! ውሃን ማን ተቆጣጥሮት ያውቃል? መግባባት በል» አሉት። ይህንን ለሬይ ወደ እንግሊዝኛ ስመልስለት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ በመጨረሻም የገባው አይመስለኝም።

አንዳንድ ቀን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እኔን ዳውንታውን ኦክላንድ ያደርሱኝ ነበር። ወደ ሳንሆዜ የሚወስዳቸው ቀና መንገድ በድልድይ ነው፤ እሳቸው ግን ዞረውም ቢሆን በውሃው ሥር በሚያልፈው የመኪና ቱቦ መሄድ ይወዱ ነበር። ቱቦው አፍ ላይ ስንደርስ ሬዲዮ ያጠፋሉ። ቢጫ መብራቱ ፊታቸው ላይ ብልጭ ጥልም እያለ፣ ጎማው እየጮኸ፣ ከላያችን ውሃ፣ ከውሃው ላይ መርከብ። «እኔ ውሃ ውስጥ የምገባው እዚህ ብቻ ነው» ይሉኛል ድምፃቸውን ቀንሰው። ወጥተን ሰማይ ሲታይ ሁለታችንም ከሆነ እንቅልፍ የነቃን ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የእጃቸውን ነገር ነው። መንገዱ ክፍት ሲሆን መስኮት ዝቅ አድርገው መዳፋቸውን ያወጣሉ። «አንቺም አውጪ» አሉኝ መጀመሪያ ቀን። እጄን እንደ ቢላ አቆምኩት፤ ንፋሱን ሰንጥቆ ያልፋል። «አሁን ጥቂት አዘንብዪው። ጥቂት! በጣም አይደለም።» አዘነበልኩት፤ እጄ ሳልወድ ወደ ላይ ተነሳ፤ አንድ የማይታይ ሰው ክንዴን ይዞ የሚያነሳኝ መሰለኝ። «ክንፍ ማለት ይኼው ነው» አሉ። «የጎን ክንፎቹን ወደ ቦርዱ አፍንጫ ጥቂት እናዘነብላቸዋለን፤ ውሃው ራሱ ያነሳታል። እሷ አትገፋም።» ሚስታቸው በሕይወት እያሉ ሊያ የኋላ ወንበር ላይ፣ እሳቸው ከፊት፣ ሁለቱም እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ነበር አሉ ባሕር የሚሄዱት። ሚስታቸው «ሁለት እብዶች ይዤ» ይሉ ነበር። ይህን ሲነግሩኝ ሳቁ፤ ከዚያ መስኮቱን ዘጉት።

ነገሩ ከሊያ ተደብቆ ነበር የሚሠራው። ብትሰማ፣ ለእኔ አዝኖ ነው ብላ ትቆጣለች ብለው ይፈራሉ። የተገለጠው እንግዲህ በእትዬ አስካለ ነው።

እትዬ አስካለ የሟች ሚስታቸው እህት ናቸው። ኦክላንድ ነው የሚኖሩት፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሳያውቁት የሚያልፍ ወሬ የለም። አንድ ከሰዓት ለጋሽ ሙላት ደወሉ። ጋሽ ሙላት ጭምብል አጥልቀዋል፤ ሬይ ማሽኑን አስነስቷል፤ እኔ አንድ ክንፍ በሙጫ ለጥፌ ሳይደርቅ እንዲይዙልኝ እጠብቃለሁ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ስለ ነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤት ብደውል የለህም! የት ነው የምትውለው?»

«አላሜዳ!»

«አላሜዳ ማን አለህ?»

«ክንፍ!» አሉ በጭምብሉ ውስጥ።

«ምን?»

«ክንፍ አልኩሽ!»

 እኔም ልክ በዚያች ሰዓት፣ «ጋሽ ሙላት፣ ቶሎ ይምጡ እንጂ! ይያዙልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

በእኛ አገር አነጋገር ሰው ክንፍ አለ ከተባለ በፍቅር አብዷል ማለት ነው። እትዬ አስካለ የሰሙት ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ በገዛ አፉ ክንፍ ብያለሁ ሲል፣ ከጀርባው ደግሞ አንዲት ሴት ና ያዘኝ ስትል ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ነጠላ የለበሱ እናቶች ከራሴ እስከ ጫማዬ አዩኝ። አንዷ ጠጋ ብለው፣ «አላሜዳ ነው አይደል የምትሠሪው?» አሉኝ። ኧረ በስመ አብ!

ሰኞ ለጋሽ ሙላት ስነግራቸው መነጽራቸውን እስኪያወልቁ ሳቁ። እኔ ግን በግኜ ነበር። «ይሳቃል እንዴ? ስሜ ጠፋ እኮ! ደውለው ያስተባብሉልኝ» አልኳቸው።

እንባቸውን ጠርገው ወደ ተገለበጠው ቦርድ አዩ። «አስተባብላለሁ። ስለ አንቺ የተባለው ውሸት ነው» አሉ። «ስለ እኔ የተባለው ግን ውሸት አይደለም።»

እትዬ አስካለም ዝም አላሉም፤ ልጅቷ ከሌላ ሰው እንዳትሰማ ብለው ለሊያ ደወሉላት። «ሊያዬ፣ እንዳትደነግጪ። አባትሽ አላሜዳ ውስጥ ክንፍ ብሏል» አሏት። ሊያ ግን ክንፍ ሲባል የምታውቀው አንድ ክንፍ ብቻ ነው፤ አባቷ ያስተማሯት። ፍቅር የሚባለውን ክንፍ ማንም አልነገራትም። ከዚያ ሁሉ ወሬ ሰሚ መሐል እውነቱ የገባት አማርኛ የማይሆንላት ልጅ ብቻ ሆነች።

በማግስቱ ከአዳራሹ በር ላይ ቆማ አየኋት። ቁመቷ የአባቷ ነው፤ በአንዱ እግሯ ዘመም ትላለች። ጋሽ ሙላት ጀርባቸውን ሰጥተው ከቦርዷ ላይ አቧራ እፍ እያሉ ያባርራሉ።

«አባዬ፣ ዋት ኢዝ ዚስ? አይ ቶልድ ዩ ቱ ጊቭ ኢት አዌይ!»

ደነገጡ። ግን ቶሎ ነው የተመለሱት። «ሰጠሁት እኮ። ለትርሲት ሰጠኋት። እሷ ደግሞ ለአንቺ ልትሰጥሽ ነው።»

ሊያ አልሳቀችም። ወደ ቦርዱ መጥታ ቁልቁል አየችው። የድሮዎቹ ሦስት እኩል ክንፎች የሉም፤ ቀዳዳቸውን ደፍነን ለግራና ቀኙ ወደ ፊት ጠጋ ያለ አዲስ ቦታ ቆርጠንላቸዋል። ሁለት ትልልቅ ክንፎች ተተክለዋል፤ ከኋላቸው፣ መሐል ላይ፣ አንዲት የሕፃን መዳፍ የምታህል ሦስተኛ አለች፤ ረጅም ቦይ ውስጥ በብሎን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትሄዳለች።

«አይ ካንት ፑሽ፣ አባዬ። ጉልበቴ...»

«አትገፊም። ሁለቱ ትልልቆች ሳትገፊ ይወስዱሻል። ትንሿ ደግሞ ጭራው ሲያመልጥ እንደ ሕፃን ቀሚስሽን ትይዛለች። ያን ያህል ብቻ ናት፤ አትነክስም።»

«ኤንድ ኢፍ ኢት ስሊፕስ?»

ጋሽ ሙላት ለመምህር የማይሆን መልስ መለሱ። «አላውቅም» አሉ። «እኔ ባሕር ገብቼ አላውቅም እኮ፣ ልጄ። አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ።»

ልጅቷ ትንሿን ክንፍ በጣቷ ጫፍ እየነካች ቆየችና፣ «ኦኬ» አለች፤ ድምጿ አይሰማም ነበር። እኔ ዞሬ ሥራ የያዝኩ መሰልኩ።

ቅዳሜ ፓሲፊካ ስንደርስ ባሕሩ ግራጫ ነበር፤ ማዕበሉ ወገብ የሚደርስ፣ ለስላሳ። ጋሽ ሙላት አሸዋው ላይ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለባሕሩ እጅ ነሱ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ ከሳቸው የሚበልጥ ሽማግሌ እንዳገኙ። ሊያ ጥቁር ላስቲክ ልብሷን ለብሳ ቦርዷን አቅፋ ገባች። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ከሩቅ ይታየኛል፤ ፈርታለች።

የመጀመሪያው ማዕበል ላይ ተነስታ ቆመች። እውነትም ሳትገፋ ነጎደች። ለመዞር ዘንበል ስትል ግን ጭራው ሸርተት አለና ሊያ ወደቀች፤ ነጩ አረፋ ሸፈናት። ከጎኔ ንፋስ ያለፈ መሰለኝ። ዞር ስል ጋሽ ሙላት የሉም፤ ባሕሩ ውስጥ ናቸው! በጫማ፣ በኮት፣ በከረባት፣ ባርኔጣቸው ተንሳፍፎ። ውሃው ደረታቸው ደርሷል። እየጮኹ አይደለም፤ ዝም ብለው ወደ ፊት ይሄዳሉ። ሮጬ ኮታቸውን ከኋላ ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩ፤ እኔም ብሆን ዋና አልችልም፤ ያን ጊዜ ግን ትዝ ያለኝ የለም።

ሊያ ብቅ አለች፤ ደህና ናት። አባቷን ባየች ጊዜ ቦርዷን ትታ መጣች። «አባዬ! ዩ ካንት ስዊም!»

«አልዋኘሁም እኮ» አሉ ጋሽ ሙላት እየተንቀጠቀጡ። «ቆሜ ነው።»

ሦስታችንም ተደጋግፈን ወጣን። ሊያ አለቀሰች፤ ከዚያ መሐል ላይ ሳቅ መጣባት፤ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ሳቀች። ጋሽ ሙላት ያንን ሳቅ ሲያዩ ፊታቸው ምን እንደ ሆነ ልነግራችሁ አልችልም። እንደ ጠገበ ሰው ዓይናቸውን ከደን አደረጉ። ወዲያው ግን ከረጠበ ኪሳቸው የብሎን መፍቻ አወጡና አሸዋው ላይ ተንበረከኩ። የትንሿን ክንፍ ብሎን ፈተው፣ ክንፏን ጥፍር የምታህል ወደ ኋላ ገፍተው አጠበቋት። «ወደ ፊት ስትመጣ ትለቃለች፣ ወደ ኋላ ስትሄድ ትይዛለች። እኔ በጣም ለቅቄያት ነበር። ይኼው ነው፤ ሂጂ።»

ሊያ ስትገባ ጉሙ መጣ። የፓሲፊካን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከባሕሩ በኩል ይነሳና ዓለምን እንደ ጥቁር ሰሌዳ ያጠፋዋል። መጀመሪያ አድማሱ ሄደ፤ ከዚያ ማዕበሉ፤ ከዚያ ልጅቷ። የቀረው ድምፅ ብቻ ነበር። ውሃው ይመጣል፣ ይሰበራል፣ ይመለሳል። ጋሽ ሙላት የእኔን ሹራብ ደርበው ቆመዋል። «ታይሻለች?» ይሉኛል። «አትታየኝም።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «አሁንስ?» እላይም እታችም ነጭ ነው፤ የቆምኩበትን አሸዋ ባላውቀው ኖሮ አየር ላይ ነን እል ነበር። ልጅቷ ብትጎዳ እኚህ ሰውዬ እዚሁ ይሞቱብኛል ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ ከጉሙ ውስጥ፣ ከየት በኩል እንደ ሆነ ሳይታወቅ፣ ጩኸት መጣ።

«አባዬ! ዞርኩ!»

በአማርኛ። እኔ ሊያን እስከዚያ ቀን አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ብቻ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጋሽ ሙላት እጃቸውን አፋቸው ላይ እንደ ቀንድ አድርገው ባላቸው አቅም ሁሉ ጮኹ።

«አየሁሽ!»

«ጋሽ ሙላት፣ ምን አዩ?» አልኳቸው።

«ምን አያለሁ፣ ጉም ነው» አሉኝ በሹክሹክታ፣ እንዳትሰማብን። ደግሞ ከውስጥ «ዞርኩ!» አለች፤ ደግሞ «አየሁሽ!» አሉ። እንዲህ ሲጠራሩ ቆዩ፤ አንዱም አንዱን ሳያየው።

ከዚያ በኋላ ሊያ ባሕሩን አልተወችም። እሳቸውም አልቀሩም፤ እጅ ይነሳሉ፣ አሸዋው ላይ ይቆማሉ፣ ጉም ኖረም አልኖረም «አየሁሽ» ይላሉ። ብሩህ ቀን ሲሆን እንኳ ዓይናቸው ደክሞ ስለ ነበር ብዙ የሚያዩ አይመስለኝም። በሚቀጥለው ዓመት ጸደይ ተኝተው ሳይነቁ ቀሩ። እኔ ሐዘኑን ስቀመጥ ከሐዘኑ ሥር ትንሽ ደስታ ነበር፤ ይህን ማለት ነውር ከሆነ ይቅርታ ይደረግልኝ። እንደዚያ ሆና ትቻት አልሄድም ብለው ነበር፤ አልሄዱም።

የቀብር ቀን ሊያ ከፊታችን በምትሄደው መኪና ውስጥ ነበረች። ፍሪዌዩ ላይ ስንወጣ የጎኗ መስኮት ዝቅ አለና አንድ እጅ ወጣ። መዳፏን እንደ ቢላ አቆመችው፤ ከዚያ ጥቂት፣ በጣም ጥቂት አዘነበለችው፤ እጇ ተነሳ። ከእኔ ጎን የተቀመጡት እትዬ አስካለ፣ «ይቺ ልጅ ምን ሆናለች? እጇን ታስገባ እንጂ!» አሉ። 

ከቀብር መልስ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተቀምጠን ሳለ እትዬ አስካለ ወደ ሊያ ጠጋ አሉ። እኔን በጎን እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ግን ሰማሁ። «ሊያዬ፣ አሁንማ ምን ይደበቃል? አባትሽ ክንፍ ያለላት ሴት፣ ያቺ የአላሜዳዋ፣ ማን ነበረች?»

በዚያ አንድ ዓመት ሊያ ያ ቃል ሌላ ትርጉም እንዳለው ተምራለች፤ እኔው ነኝ በሳቅ የነገርኳት። ያበጡ ዓይኖቿን አነሳች።

«እኔ ነኝ፣ አክስቴ» አለች። «እኔ ነበርኩ።»

እትዬ አስካለ መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ገባቸው መሰለኝ፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉና ልጅቷን ጎትተው አቀፏት። እኔንም በሌላው እጃቸው ጎተቱኝ፤ ይቅርታ መሆኑ ነው።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ሊያ ደወለችልኝ። «ትርሲት፣ ካን ዩ ካም? ጀስት ስታንድ ዜር» አለችኝ። ሄድኩ። ፓሲፊካ ጉም ነበር። ቦርዷን አሸዋው ላይ ገልብጣ ትንሿን ክንፍ በአውራ ጣቷ ነቅነቅ አድርጋ አየቻት፤ አባቷ ካጠበቁበት ቦታ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ለባሕሩ ራሷን ዝቅ አድርጋ ገባች፤ ጉሙ ዋጣት። እኔ አባቷ ይቆሙበት በነበረው ቦታ ቆምኩ፤ ጫማዬን አሸዋ በላው። ውሃው ይመጣል፣ ይሰበራል፣ ይመለሳል።

«ዞርኩ!» አለ ድምፅ ከነጩ ውስጥ።

ማንም አልመለሰም። ውሃው ብቻ ነው። ያች ቃል የእኔ አይደለችም ብዬ አሰብኩ፤ በሟች ቃል መናገር ድፍረት ነው ብዬም አሰብኩ። ልጅቷ ደግማ አልጠራችም። እየጠበቀች ነበር፤ ጉሙ ውስጥ ሆና ስትጠብቅ በጆሮዬ ሰማኋት ብል ማን ያምነኛል?

እጄን አፌ ላይ አደረግሁ።

«አየሁሽ!» አልኩ፣ ምንም ሳላይ።